ከረጢት አለው ወይ?

ገጠመኜን ከመጀመሬ በፊት ስለ አንድ ሥዕል ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና በቃሌ የያዝኩት ሥዕል ነው፤ አንድ ረጅም ጠባብ ከረጢት፣ በውስጡ ስምንት ሞላላ ፍሬዎች በሰልፍ። ከፈንገስ ወገን ብዙዎቹ ዘራቸውን የሚይዙት በእንዲህ ያለ ከረጢት ውስጥ ነው። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሣለው፤ እኛ ገለበጥነው፤ ፈተና ላይ መልሰን ሣልነው፤ ረሳነው። «ይህ ከረጢት አንድ ቀን ያባትሽን ክረምት ይወስናል» ያለኝ ሰው ቢኖር በሳቅ ነበር የምፈነዳው።

ብርቄ እባላለሁ። ያኔ ዳንግላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። የተወለድኩት ግን ከቆሰበር ወጣ ብሎ፣ በጥርባ በኩል ባለች መንደር ነው። ካርታው እንጅባራ ይላል፤ የእኛ ሰው አፍ ላይ ግን ዛሬም ቆሰበር ነው። ስለ ጠባዬ የጠየቃችሁ እንደሆነ፣ መልስ የማጣ ሰው አልነበርኩም። እናቴ «ይህችስ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ታቀርባለች» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ሙገሳ እቆጥረው ነበር።

የእኛን አገር ላላየ ሰው ደግሞ ዲከረንስ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ለከሰል የሚተከል ዛፍ ነው። ገበሬው ጤፉን ሲዘራ ችግኙን በመሀል በመሀል ይተክላል፤ ጤፉ ይታጨዳል፣ ዛፉ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ከሥሩ ሣር ይታጨዳል። አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ተከምሮ፣ ሣርና አፈር ለብሶ፣ ውስጥ ውስጡን እየነደደ ከሰል ይሆናል። ከዚያ እንደገና ጤፍ። የቆርቆሮ ቤታችንም፣ የእህቶቼ ሠርግም፣ የእኔም መማር ከዚህ ዛፍ ነው የወጣው። ስለዚህ ዛፉ ቅርንጫፉ እያበጠ፣ ቡናማ ቢጫ ዱቄት እየለበሰ፣ ቆሞ መድረቅ ሲጀምር የሰዉ ድንጋጤ ለዛፍ ብቻ አልነበረም።

አባቴ አቶ ቢያዝን የዲከረንስ ችግኝ ያፈላል። በመንደራችን የእሱን ችግኝ ያልተከለ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዘዴው ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከሰል ከወጣበት ቦታ የተቃጠለውን አፈር እየዛቀ የችግኝ መደቡን በእሱ ይሠራል። «እሳት የበላው አፈር አረም አያውቅም» ይላል። እውነቱን ነው። አረምም ትልም የለበትም፤ ችግኙ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

በዚያ ዓመት በሽታው ከሸለቆው ማዶ ደርሶ ነበር። ወደ እኛ ገና አልተሻገረም። በሰኔ ማብቂያ አካባቢ፣ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም አባቴ ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ እሱ ደግሞ ስልክ ላይ ሲናገር ማዶ ያለ ሰው የሚጠራ ይመስል ይጮኻል።

«ብርቄ! መደቡ ላይ በሽታው ወጣ እያሉ ነው!»

«ምን ወጣ?»

«ብርቱካን የመሰለ ነገር። አፈሩን ለብሶታል። አበልጄ ስማቸው ሽማግሌ ሰብስቦብኛል። ነገውኑ ነይ!»

በማግስቱ ዓርብ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ቆሰበር ወረድኩ፤ ከዚያ በባጃጅ መንደሬ ገባሁ። ሰዎቹ ከመደቡ ራቅ ብለው ቆመው ነበር፤ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ቀረብ ብዬ አየሁ። በጥቁሩ አፈር ላይ፣ በችግኞቹ መሀል፣ ብርቱካናማ ነገር እዚህም እዚያም ተነጥፏል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ወደ ሮዝ ያዘነብላል። ችግኞቹ ራሳቸው ለምለም ናቸው። በሆዴ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አልኩ። ሳልናገረው መቅረቴን ዛሬም አመሰግናለሁ።

አያ ስማቸው ተነሣ። ይህ ሰው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። የአባቴ አበልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣለት አባቴ ነው። ከማዶ ሚስቱ ከወላጆቿ ያገኘችው ማሳ ላይ ዲከረንስ ነበረው፤ ሊቆረጥ አንድ ዓመት ሲቀረው በሽታው ጨረሰው።

«ቢያዝን ወንድሜ ነው» አለ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። «ግን ማዶም ሲጀምር እንዲሁ ትንሽ ነበር። ትንሽ ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ያ ማሳ ምን እንደሚመስል ያላየ ሄዶ ይይ። ይህ ችግኝ ከተተከለ በየማሳችን ገባ ማለት ነው። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ይነቀል፤ ይቃጠል። እምቢ ካለ ግን በዚህ ክረምት ለቢያዝን ወንፈል አልወጣም። የሚወጣ ካለም ይናገር።»

ማንም አልተናገረም። ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለኔ ተባብሎ ማረስና ማጨድ ነው። እኛ አገር ወንፈል የተነፈገ ሰው ጎረቤት እያለው ብቻውን ነው። እንግዲህ የአባቴ ነገር ከሁለት አንዱ ነበር፤ ወይ ዓመት የለፋበትን ችግኝ በገዛ እጁ ያቃጥላል፣ ወይ በሽታ ያመጣ ሰው ተብሎ ይቀራል።

አባቴ ወደ እኔ እየጠቆመ «ልጄ የተማረችው ይህንኑ ነው» አለ። «እሷ አይታ ትናገር። የተናገረችውን እቀበላለሁ።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ምላሴ ላይ የነበረው መልስ «ይህ ምንም አይደለም» የሚል ነበር። ለምን እንዲያ እንዳሰብኩ ላስረዳችሁ። የተቃጠለ አፈር የሚወድ፣ ሌላው ሁሉ በእሳት ሲጠፋለት ባዶ ቤት አገኘሁ ብሎ የሚገባ ብርቱካናማ ፈንገስ እንዳለ ተምሬያለሁ። ዛፍ አይነካም። ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። በአንጻሩ ደግሞ ከማዶ በነፋስ የመጣ የበሽታው ዱቄት ቢሆንስ? አባቴ ፊት፣ አባቴን የሚያድን ቃል አፌ ላይ ይዤ፣ በሕይወቴ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጣሁ።

«በዓይን አይለይም» አልኩ። «ዳንግላ ወስጄ በማይክሮስኮፕ ልየው።»

የሽማግሌዎቹ አውራ ቄስ ይርጋ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡና «እሁድ ከቅዳሴ እስክንወጣ ጊዜ አለሽ» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ዝናቡም አይጠብቀን።»

ብርቱካናማውን ከነአፈሩ በምሳ ዕቃ ቆርሼ ያዝኩ። አያ ስማቸው ደግሞ ከማዶ ማሳው የታመመ ቅርንጫፍ አምጥቶ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። «አወዳድሪው» አለኝ። ፊቱ ላይ ተንኮል አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ምሳ ዕቃዬን አይቶ «መምህር፣ ምሳ አላቀመሱንም» ብሎ ቀለደ። «አፈር ነው» አልኩት። «ዳንግላ አፈር ጠፋ እንዴ!» ብሎ መኪናውን በሙሉ አሳቀብኝ።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ መብራት ጠፍቷል። የእኛ ማይክሮስኮፕ ግን ከሥሩ መስታወት ያለው፣ የመስኮት ብርሃን ሰብስቦ የሚያሳይ አሮጌ ነው። ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት።

አሁን አንባቢዬ፣ የምፈልገው ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ በዚህ ላይ ነው ያለው። የዛፉ በሽታ ፍሬዎቹን የሚይዘው ራቁታቸውን ነው፤ በቀጭን እንጨት መሳይ ነገር ጫፍ ላይ፣ ያለ ምንም መሸፈኛ። እኔ የጠረጠርኩት የተቃጠለ አፈር ፈንገስ ግን በከረጢት ነው የሚይዛቸው፣ ስምንት ስምንቱን። ከረጢት ካለው የዛፉ በሽታ አይደለም።

በመጀመሪያ የአያ ስማቸውን ቅርንጫፍ አየሁ። ቡናማ ፍሬዎች፣ ተዝረክርከው፣ ራቁታቸውን። ጥርጥር የለውም። ቀጥሎ ብርቱካናማውን በምላጭ ስስ አድርጌ ቆረጥኩ፣ በአንድ ጠብታ ውኃ መስታወቱ ላይ አኖርኩ፣ ዓይኔን ደፋሁ።

ክር ብቻ ነው። የተጠላለፈ ክር። ፍሬ የለም፤ ከረጢትም የለም።

ሌላ ቆረጥኩ። ክር። ሌላ። ክር። ከረጢቱ ከሌለ እሁድ ምን ይዤ ነው የምሄደው? ቆይቼ አንድ ቦታ ላይ የክሮቹ ጫፎች እንደ ከዘራ እጀታ ጎበጥ ብለው አየሁ። ያ የተረሳ ሥዕል ከነአሠራሩ ተመልሶ መጣ።

እንዲህ ነው ነገሩ። ከረጢቱ ከመጀመሪያው የለም፤ ይሠራል። መጀመሪያ ሁለት ወገን ይገናኛል፤ የአንዱ ኒውክለስ፣ ማለትም የሕዋሱ እምብርት፣ ወደ ሌላው ቤት ይገባል። ግን ወዲያው አይዋሐዱም። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ጎን ለጎን፣ በአዳዲስ ክሮች ውስጥ ይጓዛሉ። ከዚያ የክሩ ጫፍ እንደ ከዘራ ይጎብጣል። ጉብታው ላይ ያለችው ሕዋስ አንድ ጥንድ ይዛ ትቀራለች፤ ሁለቱ በመጨረሻ አንድ የሚሆኑት እሷ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ትረዝማለች፤ ከረጢት ትሆናለች። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል፤ ለየራሳቸው ግድግዳ ይሠራሉ። ከረጢቱ ሲደርስ ጫፉ እንደ ክዳን ይከፈትና ፍሬዎቹን ወደ አየር ይተፋቸዋል።

እንግዲህ ያየሁት ከዘራ ከሆነ ከረጢቱ መንገድ ላይ ነው። ግን በዚያ ደካማ ብርሃን ያየሁት እንዲሁ የጎበጠ ክር ሊሆንም ይችላል። ተስፋ እንጂ ማስረጃ አልነበረም።

ማታውን አባቴ ደወለ።

«ምን አየሽ?»

«ገና አልደረሰም፣ አባዬ።»

«ምኑ ነው ያልደረሰው?»

«ከረጢቱ።»

የምን ከረጢት እንደሆነ አስረዳሁት፤ የገባው ግን አልመሰለኝም። ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ቀሰቀሰኝ፤ እንደገና እሱ ነው።

«አንቺ ራስሽ ምን ይመስልሻል? በሽታው ነው?»

«አይመስለኝም።»

«በይ እንግዲያው ደህና ነው በያቸው! አንቺ ካልሽ ማን ይከራከርሻል? እዚያ ዕቃ ውስጥ ማን ያያል?»

እውነቱን ነበር። ማንም አያይም። ቄስ ይርጋም፣ አያ ስማቸውም ቃሌን ይቀበሉ ነበር፤ የተማርኩ ነኝና። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ብዋሽ ውሸቴ ምናልባት እውነት ሆኖ ይገኝ ነበር።

«አላየሁማ፣ አባዬ። ያላየሁትን አየሁ አልልም።»

«ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ? አባትሽ መደቡ ሲነድበት ቆመሽ ‹ገና ነው› እንድትይ?»

ስልኩን ዘጋው። አባቴ ስልክ ዘግቶብኝ አያውቅም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነሥቼ ምሳ ዕቃውን ሳየው ደግሞ አፈሩ ዳር ዳሩን ደርቋል። ከረጢቱን እየጠበቅኩ በጥማት ልገድለው ነበር። ከቆርቆሮው የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በእጄ እየቀዳሁ አርከፈከፍኩበት፤ በብርጭቆ ሸፈንኩት። ቀኑን ሙሉ እየተመላለስኩ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ረዘም ረዘም ያሉ ነገሮች ቀጥ ብለው ቆመው አገኘሁ። ከረጢት ይመስላሉ። ግን ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ደብዛዛ ፈሳሽ ብቻ። ባዶ ከረጢት ይዤ ሽማግሌ ፊት ልቁም?

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ቃሌን ይዤ ከምሄድ ማይክሮስኮፑን ይዤ ብሄድስ? እዚያ አባቴ መደብ ላይ መጀመሪያ የወጣው ብርቱካናማ ከእኔው ቁራጭ ቀድሞ የበቀለ ነው፤ ቀድሞም ሊደርስ ይችላል። ርዕሰ መምህሩን ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። «ከሰበርሽው አንቺን ነው መስታወቱ ሥር የማደርግሽ» ብሎ ፈቀደልኝ።

እሁድ በማለዳ የማይክሮስኮፑን ሳጥን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ተሳፈርኩ። ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር። ስደርስ ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ መደቡ ዘንድ ተሰብስቧል። ዶማ የያዘ አለ፤ ደረቅ እንጨት ተከምሯል፤ ላምባም መጥቷል። አባቴ ቀና ብሎም አላየኝም።

«ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ ቄስ ይርጋ።

«መልስ አልያዝኩም፣ አባ። ማያውን ነው ያመጣሁት። እዚሁ አብረን እንይ።»

ጠረጴዛ ወጣልኝ። ማይክሮስኮፑን አቆምኩ፣ መስታወቱን ወደ ሰማይ አዞርኩ። ሰማዩ ግን እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ዓይኔን ብደፋ ጨለማ ነው። እጄ ላይ ካፊያ ጠብ ጠብ ይላል፤ አንዲት ሴት ነጠላዋን ከላዬ ዘረጋችልኝ። ከኋላዬ አንድ ሰው «ዝናቡ ሳይበረታ እንንቀል እንጂ» አለ። ሌላው «ቆይ፣ ትይ» አለ። በመጨረሻ ደመናው ትንሽ ሳሳ። ቆርጬ አየሁ፤ ባዶ ከረጢት። ሌላ ቆረጥኩ፤ ባዶ።

«እህስ?» አለ አያ ስማቸው።

«ገና ነው።»

ማጉረምረሙ ተሰማኝ። ያኔ አባቴ ከነበረበት ተነሣ። ሊቆጣኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። መጥቶ አጠገቤ አቀረቀረና፣ ሌላው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በቤታችን ቋንቋ በአዊኛ፣ «የምትፈልጊው ያረጀውን ነው?» አለኝ።

«አዎ። መጀመሪያ የወጣው የት ጋ ነው?»

ከመደቡ ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር ያለውን አሳየኝ። እኔ ቀለሙ ስለደበዘዘ ንቄው ነበር። ከዚያ ቆረጥኩ። ውኃውን ጠብ አደረግኩ፣ መስታወቱን አዞርኩ፣ ዓይኔን ደፋሁ።

ነበሩ። ከረጢት በከረጢት፣ ጎን ለጎን ቆመው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የጠሩ ሞላላ ፍሬዎች በሰልፍ። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሰሌዳ ላይ የተሣለውና እኔ ገልብጬ የረሳሁት፣ እዚህ አባቴ መደብ ላይ በሕይወት ቆሞ ጠበቀኝ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ መስታወቱን አረጠበው፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩትና ገለል አልኩ።

«አያ ስማቸው፣ እርስዎ ይዩ። ከረጢት ይታይዎታል? በውስጡ ያለውን ይቁጠሩ።»

ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ በአዊኛ እየቆጠረ ነው። ስምንት ላይ ቆመ። ሌላ ከረጢት ቆጠረ፤ እዚያም ስምንት ላይ ቆመ። ድንገት «እ!» ብሎ ወደ ኋላ ተፈናጠረ።

«ምነው?»

«ተኮሰ! አንዱ ተፋብኝ!»

ሰዉ ሳቀ፤ እሱም ሳይወድ ሳቀ። ከረጢቱ ሲደርስ እንዲያ ነው አልኩት። ከዚያ የማዶ ቅርንጫፉን ዱቄት አኖርኩለት። አየ። ሳቁ ጠፋ። «ይህኛው ከረጢት የለውም» አለ በዝግታ። «ራቁቱን ነው።» ቄስ ይርጋም ሁለቱንም በየተራ አዩ፤ ከእሳቸው በኋላ ዶማ የያዙት ሁሉ ተሰለፉ።

«እንግዲህ ይህ ያ አይደለም» አሉ ቄሱ። «ችግኙ አይነካ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይኸው ነው።»

አያ ስማቸው ግን ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ በሽታው እኛ ዘንድ አይመጣም ማለት ነው?»

አባቴ አየኝ። «ይመጣል አይመጣም አላልኩም» አልኩ። «ይህ እሱ አይደለም ነው ያልኩት።» በዚህ መልሴ የተነሣ ችግኝ ሊወስዱ ከነበሩት ጥቂቶቹ ሳይወስዱ ሄዱ። አያ ስማቸው ግን በማግስቱ የመጀመሪያው ወንፈልተኛ ሆኖ አባቴ ማሳ ላይ ተገኘ። ይቅርታ አላለም፤ አባቴም አልጠየቀውም። አበልጅ ናቸው።

እናንተስ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቅዳሜ የዳንኩት ከችኮላ ብቻ አይመስለኝም። ለአባት ከመራራት ጋር የሚመጣ ውሸት አለ፤ እሱ ከሁሉ ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ ተማሪ የማላውቀውን ሲጠይቀኝ «አላየሁትም፤ እንጠብቅና አብረን እንይ» እላለሁ። ሰነፍ መምህርት ናት የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

ገጠመኜ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከርሞ፣ እነዚያ ችግኞች ከወገብ በላይ ሆነው ሳለ፣ አንድ ቀን አባቴ ሳይደውል ትምህርት ቤቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዳንግላ መጥቶልኝ አያውቅም ነበር። እጁ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ትንሽ ቅርንጫፍ ይዟል። ከቤተ ሙከራው ስንገባ ባርኔጣውን አወለቀ። «በሽታው ነው ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

«ከረጢት አለው ወይ?» ነው ያለኝ።

አዘጋጅቼ አየሁ። ገና ዓይኔን ስደፋ ራቁታቸውን ያሉት ፍሬዎች ታዩኝ፤ ግን ቀና ለማለት አቅም አጣሁ። ሌላ ቆረጥኩ። ሌላም።

«የለውም፣ አባዬ።»

«ምናልባት ገና አልደረሰ እንደሆነስ?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። «እንደዚያ ጊዜው እንጠብቀው እንጂ።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የከበደ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

«ይህኛው ደርሷል፣ አባዬ።»

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ራሱ አየ። በመስኮቱ ፀሐይ ይገባ ነበር፤ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሣ፣ ባርኔጣውን አጠለቀ፣ ቅርንጫፉን መልሶ በፌስታል ጠቀለለ።

«ለስማቸው እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አለ። «መጀመሪያ የእኔ ይቆረጥና ይቃጠል፤ የእኔን ካዩ ሌሎቹም ይቆርጣሉ።»

«አባዬ…»

በሩ ላይ ቆመ። «ያን ጊዜ ዋሽተሽልኝ ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «ዛሬ አላምንሽም ነበር። እስኪደርቅ ቆሜ እጠብቀው ነበር።»

ከዚያ መኪና እንዳያመልጠው ቶሎ ቶሎ እየተራመደ ወደ መናኸሪያው ሄደ፤ እኔም ክፍል ስለነበረኝ ማይክሮስኮፑን ጠርጌ ወደ ተማሪዎቼ ገባሁ።